ጎልፍ ስጫወት ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ላይ የነበረውን ውርጭ በፓተሬ (ኳስ ማንከባለያው ዱላ) ጠረግኩት፣ ቅጣት አለው እንዴ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ጎልፍ የምትጫወቱ እንዳላችሁ ስላየሁ ነው የምጽፈው፣ በእንግሊዝኛ ብዙ ፈልጌ አንብቤ ነበር ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲያፈርሰው ጭራሽ ግራ ገባኝ። ጎልፍ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ በክረምት ስወጣ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፣ ክረምት ስል የአሜሪካኑን ማለቴ ነው፣ ጥር ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አራት ሆነን ወጣን፣ ቲ ታይማችን (የምንጀምርበት ሰዓት) በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት 7፡40 ነበር፣ ስንደርስ ሜዳው በሙሉ ነጭ። ፍሮስት ዲሌይ ነው፣ ውርጩ እስኪቀልጥ ጠብቁ ተባልን፣ መኪና ውስጥ ሂተር ከፍተን ቡና እየጠጣን ቁጭ አልን፣ በመጨረሻ 9፡10 አካባቢ ለቀቁን። ከአንዱ ጓደኛዬ ጋር ማች ፕሌይ ይዘናል፣ በየሆሉ (ከመነሻው እስከ አንዱ ጉድጓድ) ማን እንዳሸነፈ የሚቆጠርበት ማለት ነው፣ የተሸነፈ ክትፎ ይጋብዛል።

3ኛው ሆል ግሪኑ አጠገብ ረጃጅም ጥዶች አሉ፣ ፀሐይ የደረሰችው ግማሹ ላይ ብቻ ነው። ኳሴ ከጉድጓዱ አምስት እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች፣ መሃል ላይ ግን ውርጭ አለ፣ ስኳር የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። ፓተሬን ይዤ ግራ ቀኝ እያልኩ ጠባብ መንገድ ጠረግኩላትና መታሁ፣ ገባች። ጓደኛዬ ወዲያው "ሆሉ የኔ ነው፣ ውርጭ አይነካም" አለኝ። እኔ ደግሞ በረዶ ሉዝ ኢምፔዲመንት ነው ተብሎ አንብቤያለሁ፣ እንደ ቅጠል እንደ ጠጠር ማንሳት ይቻላል አልኩት። አልተስማማንም፣ ሰው እስክንጠይቅ ይቆይ ብለን አለፍነው።

7ኛው ላይ ደግሞ ዋናውን ግሪን በገመድ አጥረውት ከሱ በፊት ፌርዌዩ (ወደ ግሪን የሚወስደው የታጨደ ሜዳ) ላይ በነጭ ቀለም ክብ ሠርተው ባንዲራ ተክለዋል፣ ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ) ግሪን ነው አሉ። የኔ ኳስ ክቡን አልፋ ነጥራ ነጥራ ዋናው ግሪን ላይ ተኛች። እኔም ገመዱን ተሻግሬ ከዛው በፓተር መታኋት፣ ምክንያቱም ኳስ ባለችበት ነው የሚመታው ሲባል ነው የምሰማው። ከሩቅ በጋሪ የነበረ የሜዳው ሠራተኛ እጁን እያወዛወዘ ጮኸብኝ፣ ምን እንዳለ አልሰማሁም ግን ተናዷል።

ሦስተኛ፣ 11ኛው ላይ ባንዲራው ጉድጓዱ ውስጥ በብርድ ረግቶ አልወጣ ሲለኝ በሁለት እጄ ስጎትተው ውስጡ ያለው ነጭ ካፕ ከነአፈሩ አብሮ ወጣ። የጉድጓዱ ከንፈር ተቦጨቀ። መልሼ ብጫነውም ደስ አላለኝም፣ እስካሁን ይከነክነኛል።

እና ምን ማድረግ ነበረብኝ? ስኮሩንስ ሃንዲካፕ (የችሎታ መለኪያ ነጥቤ) ላይ ማስገባት እችላለሁ? አንድ ነገር ልጨምር፣ ጓደኛዬ ሁለት ኳስ ከእጅ ማሞቂያ ጋር ኪሱ ውስጥ እያሞቀ በየሆሉ እየቀያየረ ነበር የሚጫወተው፣ ቀዝቃዛ ኳስ ሩቅ አይሄድም ብሎ። ይሄስ ይፈቀዳል?


ሩልቡክ በኪሴ፦

ወንድሜ ጥሩ አድርገህ ነው የጠየቅከው፣ ዝርዝሩንም ስለጻፍክ ለመመለስ ቀላል ነው።

3ኛው ሆል ላይ ጓደኛህ ልክ ነው። አንተም ያነበብከው ውሸት አይደለም፣ የተምታታው ቃሉ ላይ ነው። እኛ ነጭና ቀዝቃዛ የሆነውን ሁሉ በረዶ እንለዋለን፣ የጎልፍ ሕግ ግን ይለያየዋል። ስኖውና በተፈጥሮ የረጋ አይስ አንድ ላይ ናቸው፣ እነሱን ከፈለግክ እንደ ሉዝ ኢምፔዲመንት ቆጥረህ በእጅህም በኮፍያህም በፓተርህም ትጠርጋቸዋለህ፣ ካሰኘህ ደግሞ መሬት ላይ እስካሉ ድረስ እንደታቆረ የዝናብ ውሃ ቆጥረህ ነጻ ሪሊፍ ትወስዳለህ (ኳስህን ያለ ቅጣት ከዛ ታወጣለህ)፣ ምርጫው ያንተ ነው። ከኩለር የወደቀ የፋብሪካ በረዶ ሌላ ነው፣ እሱ ኦብስትራክሽን (ሰው ሠራሽ መሰናክል) ይባላል፣ እንደ ላስቲክ እንደ ጠርሙስ አንስተህ ትጥለዋለህ። ውርጭና ጤዛ ግን ከነዚህ ከአንዱም ውስጥ የሉም። ሩል 8.1 ላይ በግልጽ ነው የተጻፈው፣ ለምትመታው ኳስ እንዲመችህ ብለህ ጤዛ፣ ውርጭ ወይም ውሃ ማንሳት አትችልም፣ የሚፈቀደው ሆሉን ስትጀምር ቲው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ግሪን ላይ መስመርህን ከጠረግክ ስትሮክ ፕሌይ (ጠቅላላው ምት የሚቆጠርበት) ቢሆን 2 ስትሮክ ቅጣት፣ ማች ፕሌይ ስለሆነ ሆሉ ይሄዳል። ጓደኛህም እዛው ሳታልፉት ስለተናገረ ጥያቄው በሰዓቱ ነው የተነሳው፣ በኋላ መዳኘት ይቻላል።

ምን ማድረግ ነበረብህ ላልከው፣ ቦታውን ማርክ (ምልክት) አድርገህ አንስተህ ኳስህን መጥረግ ትችላለህ፣ መስመሩን ግን እንዳለ ነው የምትመታው። ኳሷ ውርጩ ላይ ስትንከባለል ነጭ እየለበሰች ቶሎ ትሞታለች፣ ጠንከር አድርጎ መምታት ነው እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም።

7ኛው ላይ ያደረግከው በክረምት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ቴምፖራሪ ግሪን ሥራ ላይ ሲሆን ዋናው ግሪን ያንተ ግሪን መሆኑ ቀርቷል፣ ሮንግ ግሪን ሆኗል፣ ልክ የሌላ ሆል ግሪን ላይ እንደወደቅክ ነው የሚቆጠረው። ሮንግ ግሪን ላይ ደግሞ ኳስ ባለችበት አይመታም፣ ብትፈልግ እንኳ አይፈቀድልህም፣ ሩል 13.1 ሪሊፍ ውሰድ ብሎ ያዝዝሃል። ከግሪኑ ሙሉ በሙሉ የምትወጣበትን ወደ ጉድጓዱ የማያስጠጋህን ቅርቡን ቦታ ትፈልግና ከዛ በአንድ ክለብ (የጎልፍ ዱላ) ርዝመት ውስጥ ድሮፕ ታደርጋለህ (ኳሷን ከእጅህ ትለቃታለህ)፣ ቅጣት የለውም። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ኳሷ ውጭ ሆና እግርህ ግሪኑ ላይ የሚቆም ከሆነም ያው ነው፣ መውጣት አለብህ። ከዛው ከመታህ ግን 2 ስትሮክ ወይም በማች ሆሉ ይሄዳል። እና ይቅርታ አድርግልኝና 7ኛውም የጓደኛህ መሆን ነበረበት።

ባንዲራው፣ ከ2019 ጀምሮ ከግሪን ላይ ስትመታ ባንዲራው ውስጥ ቢቀርና ኳሷ ብትነካው ቅጣት የለም፣ ስለዚህ የረጋ ባንዲራ ተወው፣ አትጎትተው። ኳሷ ዘንጉ ላይ ተደግፋ ብትቆም እንኳ ከፊሏ ከግሪኑ ወለል በታች ጉድጓዱ ውስጥ ካለ ገብታለች።

የኳስ ማሞቂያው ነገር ከሁሉም የከበደ ነው። እጅህን በእጅ ማሞቂያ ማሞቅ ይፈቀዳል፣ ኳስን ሆን ብሎ ማሞቅ ግን ክልክል ነው፣ ሩል 4.2 ላይ ማሞቅ በስሙ ተጠርቶ ተጽፏል፣ እንደዛ በሆነ ኳስ መምታት ቅጣቱ ዲስኳሊፊኬሽን (ከጨዋታ መባረር) ነው። ክፉ አስቦ እንዳላደረገው ይገባኛል፣ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ግን አንተን በውርጭ የያዘህ ሰው ይሄንንም ማወቅ አለበት። 

ስኮሩን አታስገባ። ጥር ላይ ሜሪላንድና ዲሲ ኢንአክቲቭ ሲዝን ነው፣ ሃንዲካፕ ላይ አይቆጠርም። ፍሎሪዳ ሄደህ ብትጫወት ግን እዛ ሲዝኑ ክፍት ስለሆነ ማስገባት አለብህ።


ሣር ጠባቂው፦

ከላይ ያለው ወንድማችን ሕጉን በደንብ ተናግሮታል፣ እኔ የምለው ስለ ሣሩ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ጎልፍ ሜዳ ላይ ነው የምሠራው፣ ግሪን ክሩ (ሣሩን የሚንከባከበው ቡድን) ውስጥ 11 ዓመት አለፈኝ፣ የጮኸብህን ሠራተኛ ሳነብ ራሴን ነው ያየሁት፣ እና ለምን እንደጮኸ ላስረዳህ።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ውርጭ ማለት እዛ ምን እንደሆነ የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቃል። ጥቅምት ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ከሌለ አባቴ ማታውኑ ፊቱ ይለወጥ ነበር፣ ጠዋት ተነስቶ ባቄላው ነጭ ሆኖ ሲያገኘው ምንም ሳይናገር ዳር ላይ ቆሞ ያየዋል፣ እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ይተኛል። አሜሪካ መጥቼ ግሪን ላይ ውርጭ ሳይ ወዲያው የገባኝ ለዛ ነው። ልዩነቱ ግሪን ላይ ያለው ቤንትግራስ የሚባለው ሣር ከባቄላ ይጠነክራል፣ ውርጩ ብቻውን አይገድለውም። የሚገድለው የኛ ጫማ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ረግቷል፣ ስትረግጠው እንደ ቀጭን ብርጭቆ ይሰበራል፣ ግሪን ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው የሚታጨደው፣ ምን ያህል ትንሽ ቅጠል እንደቀረው አስቡት።

ወዲያው አይታይም፣ ክፋቱ እሱ ነው። የረገጠው ሰው ዞር ብሎ ሲያይ ውርጩ ላይ ዱካ ያያል፣ ውርጩ ሲቀልጥ ዱካውም የጠፋ ይመስለዋል። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ነው የሚመጣው። አንድ ዓመት አንድ ሰው ሳንከፍት ቀድሞ ገብቶ 14ኛው ግሪን ላይ እስከ ባንዲራው ሄዶ ተመልሷል፣ ምናልባት የወደቀ ነገር ሊፈልግ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ተንበርክኬ አየሁት፣ መጀመሪያ ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ ከዛ እንደ ገለባ ነጣ፣ የሶሉ ጥርስ ሳይቀር አንድ በአንድ ይነበባል፣ ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ እየጣለ እንደሚራመድ ሁሉ ታውቀዋለህ። በሰኔ ቢሆን በሳምንት በሁለት ሳምንት ይሸፍነው ነበር፣ በጥር ግን ሣሩ አያድግም፣ እስከ ሚያዝያ ድረስ እዛው ነበር፣ በየቀኑ ሳልፍ አየዋለሁ። አራት ሰው ግሪን ላይ ወጥቶ ፓት አድርጎ እስኪወርድ ስንት እርምጃ እንደሚራመድ አንድ ቀን ቁጠሩት።

"ስልኬ 36 ዲግሪ ፋራናይት ነው የሚለው፣ ለምን አትለቁንም" የሚሉን ብዙ ናቸው። ስልኩ የሚነግርህ የአየሩን ነው። ጥርት ባለ ጸጥ ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ሣሩ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፣ አየሩ 36 እና 37 ሆኖ ግሪኑ ላይ ውርጭ ይቀመጣል። ሌላው ደግሞ ፀሐይ እንደወጣች አካባቢ ውርጩ ይብሳል እንጂ አይቀንስም፣ ለዛ ነው ፕሮ ሾፑ (ሜዳው ላይ ተራ የሚሰጠው ሱቅ) 8፡30 ብሎ ከዛ 9፡00 የሚላችሁ፣ እየዋሹ አይደለም። ውሃ ረጩበት የሚልም አለ፣ አየሩ እየሞቀ ከሆነ ይሠራል፣ ካልሞቀ ግን ውርጩን አይስ ታደርገዋለህ።

አሁን ደግሞ ማንም የማያወራበትን ልንገራችሁ፣ እኛ ከውርጭ በላይ የምንፈራውን። የካቲት ላይ መሬቱ ወደ ታች ረግቶ ሰንብቶ አንድ ቀን ከሰዓት ሞቅ ይላል፣ ላዩ አንድ ጣት ያህል ይቀልጣል፣ ሥሩ ያለበት የታችኛው ገና ድንጋይ ነው። ለተጫዋቹ ቆንጆ ቀን ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ግሪኑ አረንጓዴ ነው። ስትረግጠው ግን ላዩ በታችኛው ላይ ይንሸራተታል፣ ሥሩ እንደ ክር ይበጠሳል። ዱካም አይታይም። ችግሩ የሚታየው ሙቀቱ ሲጀምር ነው፣ ሥር የሌለው ሣር ውሃ ከየት ይሳብ? ለዛ ነው በቆንጆ ቀን ቴምፖራሪ ግሪን የምናወጣው፣ ሰውም የሚናደድብን።

ካፑ ስለወጣብህ አትጨነቅ፣ ሊሆን የሚችል ነው፣ ግን ሲያጋጥምህ ፕሮ ሾፕ ንገራቸው። መሬቱ ሲረጋ አዲስ ጉድጓድ መቁረጫው አይገባም፣ ያው ጉድጓድ ለቀናት ይቆያል፣ ከንፈሩ ከተቦጨቀ ከኋላህ የሚመጣው ሁሉ በዛ ነው የሚጫወተው። ዙሪያውን ለመቆም እንኳ ራቅ በሉለት።


ከፋዩ፦

ጋሼ ሥራዎን አከብራለሁ ግን አንድ ነገር ልበል። እኔ ባለፈው ወር ሙሉ ግሪን ፊ (የመጫወቻ ክፍያ) ከፍዬ ገብቼ አምስት ሆል በቴምፖራሪ ግሪን ነው የተጫወትኩት፣ ስከፍል ማንም አልነገረኝም። ጉድጓዱ ደግሞ የሆነ ሰፊ ባልዲ የሚያህል ነው። ሜዳው የማይረገጥ ከሆነ ዘግተው ገንዘባችንን አይቀበሉ፣ ከፍተው ከተቀበሉ ደግሞ ሰው ረገጠ ብሎ መጮህ አግባብ ነው?


ሣር ጠባቂው፦

ልጄ፣ ሳይነግሩህ ሙሉ ዋጋ ማስከፈላቸው ልክ አይደለም፣ እዛ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ከመክፈልህ በፊት "ዛሬ ስንት ሆል በቴምፖራሪ ነው?" ብለህ ጠይቅ፣ በክረምት ዋጋ የሚቀንሱ ብዙ ናቸው፣ ካልተመቸህ ትመለሳለህ። መክፈትና መዝጋት ግን የኛ የግሪን ሰዎች ውሳኔ ብቻ አይደለም፣ ቢሮው መክፈት ይፈልጋል፣ እኛ መዝጋት እንፈልጋለን፣ ቴምፖራሪ ግሪን የመሃሉ መንገድ ነው። መጮህ አግባብ አይደለም፣ እሱንም እቀበላለሁ። በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት 5 ሰዓት ተነስተህ በጨለማ እያንዳንዱን ግሪን በእጅህ እየዳሰስክ ዞረህ፣ በበጋ ሙቀት ውሃ እየረጨህ ያዳንከውን ሣር ሰው በደቂቃ ሲረግጠው ስታይ ግን ድምፅህ ሳታስበው ይወጣል።


ሩልቡክ በኪሴ፦

ስለ ሰፊው ጉድጓድ፣ በሕጉ የጉድጓድ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሰፋ ያለ ካፕ ለመዝናናት ጥሩ ነው፣ ቴምፖራሪው ወለል ሸካራ ስለሆነ ሰው እንዳይመረር ብለው ነው የሚያደርጉት፣ ግን በሕጉ የተጫወትከው ዙር አይባልም።


የዴንቨሯ፦

እኔ ስለ ስኖው ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ ኮሎራዶ የኛ ጉዳይ ውርጭ ብቻ አይደለም። ማክሰኞ ይጥላል፣ ሐሙስ ፀሐይ ይበላዋል፣ ቅዳሜ እንጫወታለን፣ ግሪኑ ላይ ግን ጥላ ያለበት ቦታ የተረፈ ስኖው አይጠፋም።

ሩልቡክ ምርጫው ያንተ ነው ያለው ትልቅ ነገር ነው፣ ልብ በሉት። አንዴ ኳሴ ግሪን ላይ ሆና በመሃል የስኖው ቁራጭ ነበር፣ ለስላሳ ስላልነበረ፣ ቀልጦ እንደገና የረጋ ስለነበረ መጥረግ ብጀምር ሣሩን እየቧጨርኩ ነው የምገባው። ስለዚህ እንደ ቴምፖራሪ ወተር (እንደታቆረ ውሃ) ቆጠርኩትና ነጻ ሪሊፍ ወሰድኩ። ግሪን ላይ ስትሆኑ መስመራችሁ ላይ ከገባም ይፈቀዳል፣ ከግሪን ውጭ ከሆናችሁ ግን መስመር ብቻ አይበቃም፣ ኳሳችሁን ወይም አቋቋማችሁን ወይም ስዊንጋችሁን መንካት አለበት። ደግሞ ግሪን ላይ ድሮፕ አይደለም፣ ማስቀመጥ ነው፣ ቅርቡ ቦታ ከግሪኑ ውጭ ቢያወጣችሁም እዛው ታስቀምጣላችሁ።

ሌላው ስትጠርጉ ኳስ ብትነቃነቅ ግሪን ላይ ቅጣት የለም፣ መልሳችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ፌርዌይ ላይ ግን ስኖው ስታነሱ ኳሷ ከተነቃነቀች አንድ ስትሮክ ነው። ኳሷ ላይ የተለጠፈ ስኖው ወይም ጭቃ ደግሞ ፌርዌይ ላይ አይጠረግም፣ ኮሚቴው ዊንተር ሩልስ (ኳስ አንስቶ ጠርጎ ማስቀመጥ የሚፈቅድ የክረምት ደንብ) አውጥቶ ካልሆነ በቀር። እዚህ የማየው ሰው ሁሉ ብርድ ሲሆን በራሱ "ዊንተር ሩልስ ነው" ብሎ ኳስ ሲያዘዋውር ነው፣ ተጫዋች አያውጅም እኮ፣ ሜዳው ነው የሚያውጀው፣ ስንት ርቀት እንደሆነም እሱ ነው የሚወስነው፣ አንዳንዱ 6 ኢንች ይላል አንዳንዱ አንድ ክለብ ርዝመት፣ ያውም በፌርዌይ ልክ የታጨደ ቦታ ላይ ብቻ።

ኳስ ስኖው ውስጥ ስትገባ ሁላችሁም ካያችሁና ሌላ የምትሄድበት ከሌለ እንደጠፋች አይቆጠርም፣ ነጻ ሪሊፍ አለ። በግምት ግን አይሆንም፣ እርግጠኛ መሆን አለባችሁ፣ ካልሆናችሁ 3 ደቂቃ ፈልጋችሁ ተመልሳችሁ መምታት ነው። እኔ ብርቱካናማ ኳስ ነው የምጠቀመው፣ ነጭ ኳስ ስኖው ላይ መፈለግ ዓይን ያጠፋል።

እባካችሁ አንድ ነገር ደግሞ፣ በረዶ የሠራ ኩሬ ላይ ኳስ ስትቆም እያያችሁ አትግቡ። በሕጉ አይሱ ላይ ብትሆንም ፔናልቲ ኤሪያ (ኳስ ስታወጡ ቅጣት ያለበት ቦታ) ውስጥ ነች፣ ነጻ ሪሊፍ የለም፣ ሕጉ ባለችበት መምታት ይፈቅድላችኋል፣ ግን ለአንድ ኳስ ብላችሁ አትግቡ። ባለፈው ዓመት አንድ አብሮን የተጫወተ ሰው ሁለት እርምጃ ገብቶ ሲሰነጠቅ ድምፁን ሰምቼዋለሁ፣ ተመለሰ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።


ከማንቸስተር፦

እዚህ እንግሊዝ አገር ቴምፖራሪ ግሪን ዊንተር ግሪን ነው የሚባለው፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ማንም አይገረምበትም። ብዙ ክለብ ፌርዌይ ላይ ራሱ ትንሽ የፕላስቲክ ምንጣፍ ይዘህ ትዞራለህ፣ ኳስህን እሱ ላይ አስቀምጠህ ነው የምትመታው፣ ሣሩ እንዳይቦጨቅ። ጭቃ ሲሆን ደግሞ ትሮሊ ይከለከላል፣ ቦርሳህን ተሸክመህ ነው የምትሄደው። መጀመሪያ ላይ እኔም እንደ ከፋዩ ነበር ያሰብኩት፣ ሦስት ክረምት ካየሁ በኋላ ግን ግንቦት ላይ ግሪኖቹን ሳይ ገባኝ።

ለጠያቂው አንድ የአጨዋወት ነገር ልጨምርለት። 7ኛው ላይ ኳስህ ነጥራ ያለፈችው መሬቱ ስለረጋ ነው። የረጋ ግሪን ላይ ከፍ አድርገህ በዌጅ ዱላ ስትመታ አስፋልት ላይ እንደመታህ ነው፣ ኳሷ ትነሳና ከኋላ ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች። ከግሪኑ በፊት 15 እና 20 ያርድ ቀድማ እንድታርፍ አድርግና በ7 ወይም በ8 አይረን ዱላ ዝቅ አድርገህ አንከባላት፣ ሁለት ጊዜ ነጥራ ትደርሳለች። ይሄ ለስኮሩ ብቻ አይደለም፣ ላዩ የቀለጠ ግሪን ላይ ከላይ የምትወርድ ኳስ የምትቆፍረው ጉድጓድ ጥልቅ ነው። ቆፍራ ከሆነም ስትጠግኑ ከሥር አንስታችሁ አትገልብጡት፣ ዳር ዳሩን ወደ መሃል እየገፋችሁ በፓተር ዝቅ አድርጉት፣ ውርጭ እንደመጥረግ አይደለም፣ ይሄ ይፈቀዳል፣ የጫማ ዱካም መጠገን ይፈቀዳል ከ2019 ጀምሮ።

ዋናው ግሪን ከተዘጋ ደግሞ ቦርሳችሁን ይዛችሁ አቋርጣችሁ ወደ ቀጣዩ ቲ አትሂዱ፣ ዞራችሁ ሂዱ። ፓት አላደረግኩበትም ብሎ በላዩ የሚያቋርጥ ሰው ብዙ ነው፣ ለሣሩ ግን እግር እግር ነው።


የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ጋሼ ስለ ባቄላው ያሉትን ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ እሷም የመንዝ ልጅ ናት፣ ወዲያው ገባት፣ "እና አንተ በዛ ላይ ወጥተህ ነው የጠረግከው?" አለችኝ።

ለጓደኛዬ ሙሉውን ላኩለት። 3ኛውንና 7ኛውን ሰጥቼዋለሁ። የኳስ ማሞቁን ሲያነብ ደወለልኝ፣ ፈጽሞ አላወቀም ነበር፣ ማቹን ላንተ ልስጥህ አለ፣ እኔ ደግሞ አልቀበልም አልኩት ምክንያቱም እኔም ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት። ምሳውን እኩል እንከፍላለን ብለን ተስማማን።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ውርጭ ባለበት ግሪን ላይ ኳሴ ብታርፍና ሜዳው ከፍቶ ከለቀቀን፣ ሄጄ ልምታ ወይስ ልተወው?


ሣር ጠባቂው፦

ጥላ ሥር የቀረች ትንሽ ውርጭ ከሆነች ዳር ዳሩን በቀለጠው በኩል ዞረህ ቀስ ብለህ ግባ፣ እግርህን አትጎትት፣ አትሽከርከር፣ ጉድጓዱ አጠገብ ተሰብስባችሁ አትቁሙ፣ አንድ ሰው ኳሶቹን ያውጣላችሁ። ግሪኑ በሙሉ ነጭ ከሆነ ግን አትውጣ፣ ፕሮ ሾፕ ደውልና 3ኛው ገና ነው በላቸው፣ ስልኩ ስኮር ካርዱ ላይ አለ። ሰው ልከው ያያሉ፣ ያመሰግኑሃልም። እኛ ሁሉንም ግሪን በአንድ ጊዜ ማየት አንችልም፣ በተለይ ጥድ አጠገብ ያሉትን።


የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

እሺ ጋሼ። የፊታችን ቅዳሜ ቲ ታይሙን ወደ 11፡00 ቀይሬዋለሁ፣ ሌሊቱ 27 ዲግሪ ፋራናይት ነው የሚለው፣ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ስላለን አንወጣም።